ቦዩ ሳይጠረግ በልግ አይግባብን፦ ከድሬዳዋ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የካቲት 2018 ዓ.ም.
ድሬዳዋ

በከተማችን የትምህርት፣ የጽዳትና የአደጋ ስጋት ሥራን ለምትመሩ ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ ስለተዘጋው የአካባቢ ጥበቃ ክበብ፣ ስለተደፈነው ቦይና ስለተከለከለው የጎርፍ ልምምድ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ከተማዋን አቋርጦ በሚያልፈው በደቻቱ ወንዝ ዳር በሚገኝ አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምናስተምር መምህራንና ልጆቻችንን እዚያው የምናስተምር ወላጆች ነን። ጉዳያችንን በቃልም በማመልከቻም ለየክፍላችሁ አቅርበናል። አንዱ ወደ ሌላው ሲመራን መኸሩ አለፈ፣ በጋውም እያለቀ ነው። የበልጉ ደመና ከደንገጎ ተራሮች በላይ መታየት ሳይጀምር ነገሩን በአደባባይ ማንሳት ግድ ሆኖብናል።

በዚህ የትምህርት ዘመን መጀመሪያ ለትምህርት ቤቱ አንድ ገጽ ደብዳቤ ደረሰ። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ፕላስቲክ የሚያከማችበት ክፍል ለግምጃ ቤት እንዲለቀቅ ያዝዛል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የነበረው የክበባት ክፍለ ጊዜ ለማካካሻ ትምህርት እንዲውል ያዝዛል። ክበቡ ከሰፈሩ ነዋሪዎች ጋር ሊያደርገው ያሰበው የጎርፍ ልምምድም ተማሪዎችንና ወላጆችን ያስደነግጣል ተብሎ እንዲቀር ተደርጓል። ከመወሰኑ በፊት ትምህርት ቤቱ መጥቶ ቦዩን ያየ፣ ክበቡን የጠየቀ፣ ከወላጅ ኅብረቱ ጋር የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

ክበቡ ትርፍ ሥራ ተደርጎ የታየ ይመስለናል። እኛ ግን የልጆቻችን ደኅንነት ያረፈበት ሥራ መሆኑን በዓይናችን አይተናል፤ ምክንያታችንን እንናገር።

ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ያደረሰውን ጥፋት ለድሬዳዋ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ከ250 በላይ ሰዎች ሞተዋል፣ በሺዎች የሚቆጠሩት ቤት ንብረታቸውን አጥተዋል። በመጪው ሐምሌ 20 ዓመት ይሞላዋል። ዛሬ የምናስተምራቸው ልጆች ያኔ አልተወለዱም። እነርሱ የሚያውቁት ደቻቱ ኳስ የሚራገጡበት፣ ከመጋላ ወደ ከዚራ የሚያቋርጡበት፣ ባጃጅና አህያ የሚያልፍበት አሸዋ ነው። ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደርቆ ስለሚከርም ወንዝነቱ ይረሳል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ከበላይዋ በስተደቡብ ያሉት የደንገጎ ተራሮች ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣሉ። ዝናቡ የሚጥለው እዚያ ነው፤ ውኃው የሚደርሰው እዚህ። ድሬ ላይ ፀሐይ ወጥታ እያለ አሸዋው መካከል የቆመ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከላይ ምን እየወረደበት እንደሆነ ሊያውቅ የሚችለው ቀድሞ ከተነገረው ብቻ ነው።

ከዚያ ጎርፍ ወዲህ በወንዙ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ግንቡ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ከግንቡ ውስጥ፣ አሸዋው ላይ ያለውን ልጅ አያወጣም። ከሰፈር ወደ ወንዙ የሚወርደው ትንሽ ቦይ ከተደፈነም ውኃው ወደ ወንዙ መድረሱ ይቀርና ወደ ቤቶችና ወደ መማሪያ ክፍሎች ይመለሳል። የእኛ አቤቱታ ከዚህ ከትንሹ ቦይ ይጀምራል።

ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ በአጥሩና በሰፈሩ መካከል በድንጋይ የተገነባ ቦይ አለ። ከላይ ካለው ሰፈር የሚመጣው የዝናብ ውኃ ሌላ መውጫ የለውም። መንገዱን የሚያቋርጠው በአንድ ቱቦ ነው። በዚህ ወር ከወላጆች ጋር አካፋ ይዘን የቱቦውን አፍ ከፍተን አየነው። ከላይ አቧራ የለበሰ የቺፕስ ከረጢት ነው። ከሥሩ የጫት ገረባ ከነፌስታሉ ተጋግሯል። ከዚያ በታች ሃይላንዶቹ አሉ። ክዳናቸው የወለቀው አሸዋ ሞልቷቸው ከቦታቸው አይነቃነቁም፤ አንዱን ለማውጣት ሁለት ሰው መጎተት ነበረበት። ክዳናቸው የተገጠመው ደግሞ ይብሳሉ። አየር ስለያዙ ውኃው ሲመጣ ይንሳፈፉና ተያይዘው የቱቦውን አፍ የሚወትፉት እነርሱ ናቸው። ከወጡት መካከል በእስክሪብቶ የልጅ ስም የተጻፈባቸው ነበሩ። የእኛው ተማሪዎች ስም ነው።

ይህ ሁሉ ከየት መጣ? ከፊሉ ከሰፈር የመጣ ነው፤ የጫት ፌስታሉን ነፋስ አጥር አሻግሮ ያመጣዋል። ከፊሉ ግን ከግቢያችን የወጣ ነው። ክበቡ በነበረ ጊዜ ተማሪዎች ባዶ ሃይላንድ ከየክፍሉ እየሰበሰቡ፣ ክዳን ለብቻ ጠርሙስ ለብቻ እየለዩ፣ ረግጠው አሳንሰው በጆንያ ያከማቹ ነበር። ጆንያው ሲበዛ ፕላስቲክ ሰብሳቢዎች በኪሎ ይወስዱታል። በገንዘቡም የእጅ ጓንት፣ አካፋና የቆሻሻ በርሜል ተገዝቷል። ክፍሉ ይለቀቅ ሲባል ገና ያልተሸጡት ጆንያዎች አጥሩ ሥር ተደረደሩ። ፀሐዩ ጆንያውን አሳሳው፣ ነፋሱ ቀደደው፣ ልጆች በእጃቸው የለቀሙት ሃይላንድ ተመልሶ ቦዩ ውስጥ ገባ። ይህን ያየ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ «ታዲያ ለምን ሰበሰብነው?» ብሎ ሲጠይቅ የምንመልስለት አልነበረንም። መልሱን ከእናንተ እንጠብቃለን።

ቦዩ መጠረጉ ለውጥ እንደሚያመጣ በግምት አይደለም የምንናገረው። በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ ቦዩ ሳይጠረግ አንድ ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ ጣለ። ውኃው ከቦዩ ገንፍሎ በአጥሩ ሥር ወደ ግቢ ገባ። የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆች ወለሉ ዝቅ ባለው ሕንፃ ውስጥ ነበሩ። መምህርታቸው አንድ በአንድ እያነሳች ዴስክ ላይ አቆመቻቸው። ዋናው በር የሚያወጣው ወደ ወንዙ ነው። ወደ ከፍታው የሚያወጣው የኋላ በር ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፉ ደግሞ ፈረቃው አልቆ ወደ ቤቱ የሄደው ዘበኛ ኪስ ውስጥ ነው። ወሬው ሰፈር ሲደርስ ወላጆች ልጆቻቸውን ለማውጣት በአሸዋው ላይ እያቋረጡ ሮጡ። በእግዚአብሔር ፈቃድ ልጅ አልተጎዳብንም። ያን ቀን ደንገጎ ላይም እንዲሁ ጥሎ ቢሆን ኖሮ ግን አሸዋው ላይ የነበሩት እናቶችና አባቶች ምን ይውጣቸው ነበር? ይህን እያሰብን እስከ ዛሬ እንጨነቃለን።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2017 የካቲት፣ የክበቡ ተማሪዎች ከሰፈሩ ወጣቶችና ከእድሩ ሰዎች ጋር ሆነው ቦዩን ከላይ እስከ ታች ጠረጉት። በዚያው በልግ ዝናቡ በጣለ ቁጥር ውኃው በቦዩ አልፎ ወረደ፤ ግቢያችን ጭቃ እንጂ ጎርፍ አላየም። ዘንድሮ ያ ጠረጋ አልተደረገም። ተማሪ ይዞ ከግቢ መውጣት አይቻልም ተብለናል፤ የሚጠርግ ሌላ አካልም አልመጣም።

ስለ ልምምዱ ደግሞ አንድ ነገር እንበል። ያስደነግጣል ተብሎ ነው የተከለከለው። በ2016 ዴስክ ላይ የቆሙት ሕፃናት ደንግጠው ነበር፤ የደነገጡትም ወዴት እንደሚሄዱ የነገራቸው ስላልነበረ ነው። ያዘጋጀነው ልምምድ ቀላል ነው። ከተለመደው ደወል የተለየ የተቆራረጠ ደወል ይደወላል። እያንዳንዱ ክፍል በመምህሩ እየተመራ በኋላው በር ወደ ከፍታው ይወጣል። ትላልቆቹ ተማሪዎች የትንንሾቹን እጅ ይይዛሉ፤ ከፍታው ላይ በስም ዝርዝር ቆጠራ ይደረጋል። ወላጅ ልጁን የሚረከበው እዚያው ከፍታው ላይ ነው፤ አሸዋውን ማቋረጥ ፈጽሞ አይፈቀድም። ማስታወቂያውን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛ አዘጋጅተን ነበር፤ ምክንያቱም በአንድ ቋንቋ ብቻ የተነገረ ማስጠንቀቂያ በዚህ ሰፈር ግማሹን ቤት አይደርስም። ያዘጋጀነው ወረቀት ዛሬም መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።

ሌላው ጉዳይ ከጎርፉ ያላነሰ ያሳስበናል። በ2006 ዓ.ም. የደንጊ ትኩሳት ድሬዳዋ ገባ። በ2011 ክረምት ማብቂያ ቺኩንጉንያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነዋሪን አልጋ ላይ ጣለ፤ መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር መገጣጠሚያው አልታዘዝ ብሎት ጠመኔ መያዝ ያቃተው መምህር ነበር። ሁለቱንም በሽታዎች የምታስተላልፈው ኤደስ የተባለችው ትንኝ ናት። ይህች ትንኝ ረግረግ አትፈልግም። የተቆረጠ ሃይላንድ፣ የተጣለ የጀሪካን ክዳን፣ ውኃ የያዘ ፌስታል ይበቃታል። በእኛ ሙቀት ከእንቁላል ተነሥታ ለመብረር ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ቢወስድባት ነው። እንቁላሏም ደረቅ ዕቃ ላይ ተጣብቆ ለወራት ይቆይና ውኃ ሲነካው ይፈለፈላል። የምትናደፈው ቀን ነው፤ ተማሪው ክፍል ውስጥ በተቀመጠበት ሰዓት። ቤት ያለው አጎበር ክፍል ውስጥ ለተቀመጠ ልጅ አይደርስለትም። በ2014 ከተማችን ውስጥ ከዝናብ ወቅት ውጭ የተነሣው የወባ ወረርሽኝም በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ከምትራባው አኖፌለስ ስቴፈንሳይ ከተባለችው ትንኝ ጋር መያያዙ በጥናት ታውቋል። እንግዲህ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የሚጣል አንድ ባዶ ጠርሙስ ወይ ቦይ ይደፍናል ወይ ትንኝ ያራባል። ጎርፉን፣ በሽታውንና ቆሻሻውን በሦስት ቢሮ ከፍሎ ማየት መሬት ላይ ካለው ነገር ጋር አይገናኝም።

የቆሻሻ መኪናው መምጣት ከተወ ቆይቷል። ግቢ ውስጥ የሚጠራቀመው ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ይቃጠላል። የፕላስቲክ ጭስ መርዝ ነው፤ ከዚያ ሕንፃ በአንድ ግድግዳ ርቀት ላይ ሕፃናት ይማራሉ። አስም ያለባት አንዲት ልጅ እሳቱ በተነሣ ቁጥር ወደ ቤቷ እንድትሄድ ይደረጋል። ትምህርቷ የሚቆረጠው ቆሻሻ የሚወስድ መኪና ስላልመጣ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋን አትውቀሱብን፤ ሌላ ምን ታድርገው?

ፕላስቲኩ ለምን በዛ ብላችሁ ብትጠይቁ ግማሹ መልስ የቧንቧው ነው። በዚህ ሙቀት ልጅ ውኃ ሳይጠጣ አራት ሰዓት አይቀመጥም። የግቢው ቧንቧ ብዙውን ቀን ደረቅ ነው፤ በመጣም ቀን የድሬ ውኃ ካልክ (ኖራ መሰል ዝቃጭ) ስለሚበዛበት ብዙ ወላጅ ልጁን የታሸገ ውኃ ያስይዘዋል። የማይችለው ደግሞ ከበር ላይ በትንንሽ ፌስታል የተቋጠረ በረዶና መጠጥ ይገዛል። ሳምቡሳውም በፌስታል ነው። ከበሩ ላይ የሚሸጡት እናቶች የእኛው ተማሪዎች እናቶች ናቸው፤ ይባረሩ አንልም። አብረን ተቀምጠን ሳምቡሳው በወረቀት እንዲሆን ተስማምተን ነበር፤ ክበቡ ሲዘጋ የሚከታተለው ጠፋና ስምምነቱም ተረሳ።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። ስለ ደረቅ ቆሻሻ አያያዝ በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ስሱን ፌስታል ከልክሎ ነበር። በ2017 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲሱ አዋጅ ደግሞ የፕላስቲክ ከረጢትን ከማምረት ጀምሮ እስከ መሸጥና መጠቀም ድረስ አግዷል። እኛ የምንጠይቀው አዲስ ሕግ አይደለም። ሕጉ ከትምህርት ቤት በር ላይ እንዲጀምር ልጆች ራሳቸው ሲሠሩ የነበረው ሥራ እንዳይታገድ ነው።

በየቢሮው ያገኘነውን ምላሽም ሕዝብ ይወቀው። የትምህርቱ ክፍል የቦይ ጠረጋ የእርሱ እንዳልሆነ ነገረን። የጽዳቱ ክፍል ከአጥር ውስጥ ያለው ቆሻሻ የትምህርት ቤቱ ኃላፊነት ነው አለን። ከአጥር ውጭ ያለውስ ስንል ወደ ቀበሌ መራን። ቀበሌው በጀት እንደሌለው ገለጸልን። የአደጋ ስጋት ሥራውን የያዘው ክፍል አደጋ ሲደርስ ለመድረስ ዝግጁ መሆኑን አረጋገጠልን። እኛ የሄድነው ግን አደጋው ሳይደርስ እንዲሠራ ለመጠየቅ ነበር።

ማካካሻ ትምህርት አያስፈልግም አንልም። ልጆቻችን ሒሳብና ቋንቋ እንዲጎብዙ የምንመኘው እኛ ነን። ለማካካሻው ሌላ ሰዓት ለመፈለግ መምህራኑ ቅዳሜ ጠዋት ለመግባት ፈቃደኛ መሆናቸውን በፊርማቸው አረጋግጠው አስገብተዋል። ግምጃ ቤቱም ቢሆን ከቤተ መጻሕፍቱ አጠገብ ባዶ የተቀመጠ ክፍል አለ፤ ያንን ማሳየት እንችላለን።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ከሁሉም በፊት፣ በልጉ ሳይጠነክር፣ ቦዩና ቱቦው በዚህ ወር ውስጥ ይጠረግልን። ጉልበቱን እኛ እናዋጣለን፤ የሰፈሩ እድሮችና አፎቻዎች (እንደ እድር ያሉ የመረዳጃ ማኅበራት) አካፋና ሰው እንደሚያመጡ ቃል ገብተውልናል። ከእናንተ የምንፈልገው የወጣውን ደለልና ፕላስቲክ የሚጭን መኪናና ለትልልቆቹ ተማሪዎች ከወላጆቻቸው ጋር የመውጣት ፈቃድ ነው። የወጣው ቆሻሻ ቦዩ ዳር ከተከመረ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ያስገባዋል፤ መኪናው የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ የዓርቡ የክበብ ሰዓትና የማከማቻ ክፍሉ ይመለስልን። የቆሻሻ መኪናውም የታወቀ ቀን ተቆርጦለት ይምጣ፤ በትምህርት ቤት ግቢ ፕላስቲክ ማቃጠልም በግልጽ መመሪያ ይከልከል።

ሦስተኛ፣ የጎርፍ ልምምዱ ከመጋቢት በፊት እንዲደረግ ይፈቀድ፤ የአደጋ ስጋት ባለሙያዎቻችሁም መጥተው ይመልከቱት፣ ጉድለቱን ያርሙልን። የኋላው በር ቁልፍ ከአንድ ሰው በላይ እጅ እንዲሆን በጽሑፍ ይታዘዝ። ደንገጎና አካባቢው ላይ ከባድ ዝናብ ሲጥል የሚደርሳችሁ መረጃ በወንዙ ዳር ላሉ ትምህርት ቤቶች ርእሳነ መምህራን በስልክ ወዲያው የሚተላለፍበት አሠራር ይዘጋጅ። ይህ ከሁሉ ርካሹ ነው፤ አንድ የስም ዝርዝርና አንድ የሚደውል ሰው ይበቃዋል። ክረምት ላይ ትምህርት ቤቱ ዝግ ስለሚሆን ያኔ የሚደወልለት የሰፈሩ እድር ዳኛ ይሁን።

አራተኛ፣ ለግቢው የውኃ ማጠራቀሚያ ታንከርና ማጣሪያ ይመደብልን። ታንከሩ በደንብ የሚገጠም ክዳን ይኑረው፤ ያለዚያ ትንኝ ማራቢያ ይሆንብናል። ልጅ ከቤቱ ኮዳ ይዞ መጥቶ የሚሞላበት ቧንቧ ካገኘ የሃይላንዱ ቁጥር በግማሽ እንደሚቀንስ አንጠራጠርም።

በመጨረሻም፣ የሦስቱ ክፍሎች ተወካዮች በአንድ ቀን፣ በአንድነት መጥታችሁ ቦዩን ከእኛ ጋር እንድታዩ እንጠይቃለን። ለየብቻ ከመጣችሁ እንደገና አንዱ ወደ ሌላው ይመራናል። ምላሻችሁን እስከ የካቲት ማብቂያ በጽሑፍ እንጠብቃለን፤ የሚደርሰንንም በትምህርት ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለወላጆች እንለጥፋለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ኃላፊ መምህርት
የወላጅ፣ የመምህራንና የተማሪዎች ኅብረት ሰብሳቢ
የክበቡ ተማሪዎች ተወካይ፣ ሰባተኛ ክፍል
ደቻቱ ዳር፣ ድሬዳዋ

ግልባጭ፦
ለቀበሌው አስተዳደር
ለሰፈሩ እድሮችና አፎቻዎች
በወንዙ ዳር ለሚገኙ ትምህርት ቤቶች ርእሳነ መምህራን